ለመንዝ ሴቶች የቀረጽነው የቤት ቴኳንዶ

ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳስሮጥ ኖሬ አሁን የገዛ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል። ጡረታ ስወጣ ትምህርት ቤቱ ጋቢ አለበሰኝ፤ ርዕሰ መምህሩም ስለ ስፖርት ጥቅም ረዘም ያለ ንግግር አደረገ። ይኸው ሰውዬ ነው ፈተና በተቃረበ ቁጥር የእኔን ክፍለ ጊዜ ነጥቆ ለሒሳብ ሲሰጥ የኖረው። አፌ ላይ የመጣውን ዋጥ አድርጌ ጋቢዬን ተቀበልኩ።

ከዚያ ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ «ቲቸር ዘነቡ፣ ከሥራ ዘመንሽ የማትረሺው የቱን ነው?» ይለኛል። የሚጠብቀው የዋንጫ ወሬ ነው። ዋንጫ ወስደናል፤ አሁን የት እንዳለ እንጃ፣ ምናልባት መዝገብ ቤት የእስክርቢቶ ማስቀመጫ ሆኖ ይሆናል። እኔ የማልረሳው ሴቶች በየቤታቸው ሆነው ቴኳንዶ እንዲሠሩ ብለን የቀረጽነውን ሲዲ ነው። ይህን ስል እንግዳ ሰው ይስቃል። የመሐል ሜዳ ከተማ ሰው ግን መጨረሻውን ስለሚያውቅ አይስቅም።

መንግሥት ሲለወጥ ዓለም ከተማ በምትባል ከተማ አስተምር ነበር። ዳይሬክተሬ ስፖርት ማለት ኳስ ወርውሮ ጥላ ሥር መቀመጥ ነው ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩ። ኳሱም አንድ፣ እሱም የተጣፈ። ልጃገረዶቹ ለውኃና ለእንጨት ገደል ወርደው የሚወጡ፣ ሳንባቸው ከእኔ የሚበረታ ነበሩ፤ ሜዳ ላይ «ሩጡ» ሲባሉ ግን አፋቸውን በነጠላ ይዘው ይሽኮረመማሉ። እኔ ሱሪ ስለምለብስ ከተማው «ሱሪዋ» የሚል ስም አወጣልኝ። ስሙ ቀድሞኝ ተዛወረ መሰለኝ፣ ወደ መንዝ ተዛውሬ ሞላሌ በደረስኩ ዕለት ሻይ ቤት ውስጥ «ሱሪዋ መጣች» ሲባል ሰማሁ። ደመወዝ ይዘገይ ነበር፣ የዝውውር ወረቀት ደግሞ ከደመወዝም ይብስ ነበር፤ የማንም መምህር ታሪክ ስለሆነ አላወራውም።

ሞላሌ የተማርኩት ብርድን ነው። ተማሪው ለስፖርት የሚሰለፈው የበግ ጠጉር ባና ተከናንቦ ነበር። «ባናችሁን አስቀምጡ» ስል አንዱ ረዥም ልጅ «ቲቸር፣ መጀመሪያ ይሙቀንና እናወልቃለን፤ ሳይሞቀን ብናወልቅ ማን ይቀብረናል?» አለኝ። ተናደድኩበት። ቆይቶ ግን እውነቱን እንደሆነ ገባኝ። ደጋ ላይ ሰውነት የሚቀሰቀሰው ቀስ ተብሎ ነው፤ አየሩም ስስ ነው፤ ቆላ የለመደ አሠልጣኝ በቆላው ልማድ ካስሮጠ ልጅ ይጥላል። እኔም በመጀመሪያው ወር ሁለት ልጅ ጥያለሁ፤ ደግነቱ ውኃ ሲረጩ ተነሡ።

ማስተር ደምሴን ያገኘኋቸው ወደ መሐል ሜዳ ስዛወር ነው። በቀድሞው ጦር ውስጥ የአካል ብቃት አሠልጣኝ የነበሩ፣ ቴኳንዶንም እዚያው የተማሩ፣ ጦሩ ሲበተን አገራቸው የገቡ ሰው ናቸው። ቀጭንና ዝምተኛ ነበሩ። ጠዋት የሰው አጥር ይሠራሉ፤ ከሰዓት በኋላ ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ አዳራሽ ውስጥ ወጣት ያሠለጥናሉ። እኔም እግሬን ከወገብ በላይ ማንሳት የተማርኩት ከእሳቸው ነው፤ ዕድሜዬ ከሠላሳ ካለፈ በኋላ።

ከሁሉ ቀድመው ይመጣሉ። ውርጩ ሜዳውን አንጥቶት እንኳ የአዳራሹን መስኮቶች በሙሉ ይከፍቱና ሁለቱን በሮች በድንጋይ ያስደግፋሉ። አንድ ቀን ብርዱ ሲጠናብኝ «ማስተር፣ አንዱን እንኳ ቢዘጉት ምናለበት?» ብላቸው «የዚህን ሁሉ ሰው ትንፋሽ መልሰሽ ልትጠጪ ነው?» አሉኝ። ከዚያ መጥረጊያ አንሥተው ወለሉን ራሳቸው ይጠርጋሉ። ሴት ተማሪ በእጃቸው ነክተው አያርሙም። ፊቷ ቆመው እሷ የተሳሳተችውን ራሳቸው ተሳስተው ያሳዩዋታል፤ እስክትስቅ ይጠብቃሉ፤ ከሳቀች በኋላ ትክክለኛውን ያሳዩዋታል። የሳቀ ሰው ጡንቻው ይላላል፣ የላላ ጡንቻ ይማራል ባይ ነበሩ። እኔም ይህን ወስጄ ክፍሌ ውስጥ ተጠቅሜበታለሁ፤ የእኔ ስህተት ግን የምር ይመስል ስለነበር ልጆቹ ቶሎ አይስቁም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ትንፋሽ የሚለኩበት ዘዴ ነበር። መንዜ ርስት የሚጠይቀው ዘር ቆጥሮ ስለነበር ትንሽ ትልቁ አያት ቅድመ አያቱን ያውቃል። ማስተር ይህን ለሥራቸው አዋሉት። ተማሪው እየረገጠና እየቦከሰ ሳለ «አያት ቁጠር!» ይሉታል። አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እያለ እስከ ሰባት ቤት ሳያቋርጥ ከጠራ ይቀጥላል። መሃል ላይ ከቆረጠው «ቀስ በል፤ አያትህ ላይ የደከመህ ሰው ቅድመ አያትህ ዘንድ ሳትደርስ ልትቀር ነው» ይሉታል። አዳራሹ ሙሉ ሰው እያላበው የሙት ስም ሲጠራ መስማት ለእንግዳ ያስደነግጣል። በዚህ ዘዴ ግን አንድም ተማሪ ወድቆባቸው አያውቅም።

እትዬ ደብሪቱ የእህል ነጋዴ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሱቁን የሚያንቀሳቅሱት ከልጃቸው ከብርቄ ጋር ነበር። ብርቄን አስተምሬያታለሁ። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ነጥብ ሳይመጣላት ቀርቷል፤ ከማስተር ሴት ተማሪዎች ሁሉ ግን እርግጫው የሚያምረው የእሷ ነበር። እናቷ ስኳርም ደም ግፊትም አለባቸው። የእግር ጣታቸው ላይ የወጣ ቁስል አልድን ብሎ ስለከረመ የጤና ጣቢያው ሐኪም «ካልተንቀሳቀሱ እግርዎን ያጣሉ» ብሎ አስፈራራቸው።

ተንቀሳቀሱ ማለት ለሐኪም ቀላል ነው። እትዬ ደብሪቱ በማግሥቱ ነጠላቸውን አጣፍተው በአስፋልት ዳር መራመድ ጀመሩ። እኛ አገር ደግሞ ያለ ጉዳይ የሚሄድ ሰው የለም። ያገኛቸው ሁሉ አስቆማቸው። «ደብሪቱ፣ ምን ጠፋብሽ? በግ ነው?» አንዱ ጭራሽ «ማን ሞተ?» ብሎ ፊቱን አጨፍግጎ አብሯቸው ለቅሶ ሊሄድ ተከተላቸው። ሳምንት ሳይሞላ ቤት ተቀመጡ። ልጃቸው ብትለምን ብትማጸናቸው «እግሬም ከፈለገ ይቆረጥ፤ የአገር መሳቂያ አልሆንም» አሉ።

ብርቄ አዳራሽ መጥታ አለቀሰች። ማስተር ለቅሶዋን እስክትጨርስ ጠበቁና «ለእናትሽ ምን እናድርግ?» አሏት።

«ቤታችን ቴሌቪዥንና ዴክ አለ» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «እዚህ የምንሠራውን በሲዲ ቅረጹልኝ። እማዬ በሯን ዘግታ ትሥራ፤ ማንም አያያትም። እኔም አብሬያት እሠራለሁ።»

ሐሳቡ የልጅቱ ነው። ይህን የምጽፈው በኋላ ብዙ ሰው የእኔ ወይም የማስተር የገንዘብ ፍለጋ አድርጎ ስላወራው ነው።

ሲዲው በቀላሉ አልተሠራም። ማስተር መጀመሪያ የእትዬ ደብሪቱን ጓዳ አዩ። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ የእህል ጆንያ፤ በመሃሉ የቀረው ቦታ አንድ ቁርበት የሚዘረጋበት ነው። እርግጫውን ከጉልበት በታች አወረዱት፤ ዝላዩን አስቀሩት፤ አልጋ ይዞ መቆምን ጨመሩበት። ጎረቤት እንዳይሰማ የቴኳንዶውን ጩኸት አውጥተው በጥርስ መሃል «እስ» የሚል ትንፋሽ ተኩበት። ቴኳንዶ የሚጀመረው አጎንብሶ ሰላም በማለት ነው፤ ይህን ለሙከራ ያሳየናቸው አንዲት ባልቴት ግን «ለቴሌቪዥን አልሰግድም! ስግደቴን ለመድኃኔ ዓለም ጨርሻለሁ» ብለው ተነሥተው ሊሄዱ ሆነ። እጅ ደረት ላይ ማድረግ በቂ ነው ተባለ።

ፊት ሆኜ የማሳየው እኔ ነበርኩ። ማስተር ወንድ በሴት ጓዳ ምን ያደርጋል ብለው መታየት አልፈለጉም፤ ድምፃቸው ብቻ ነው የሚሰማው። ችግሩ ቀኝና ግራው ነው። ፊቴን ወደ ካሜራው አድርጌ ቀኜን ካነሣሁ ቤቷ ያለችው ሴት ግራዋን ታነሣለች። ስለዚህ ማስተር «ቀኝ» ሲሉ እኔ ግራዬን ማንሣት ነበረብኝ። ይህን ስለማመድ ከርሜ ቤቴ ገብቼ እንኳ ቁልፍ በግራ እጄ መፈለግ ጀመርኩ። ከኋላዬ ሦስት ልጃገረዶች ቆሙ፤ በስተቀኝ ያለችው ብርቄ ናት።

ቀራጩ ውብሸት የሚባል የሠርግ ካሜራ ሰው ነበር። ሠርግ ለምዶ እግር ቅረጽ ሲባል ፊት ይቀርጻል፤ በተለይ የብርቄን ፊት። ቅንብሩ ላይ ደግሞ በየእርግጫው መሃል የጽጌረዳ አበባ አስገብቶበት ተጣላን። ትልቁ ጠብ ግን የመስኮቱ ነበር። የመሐል ሜዳን ንፋስ የማያውቅ የለም። ውብሸት ጆሮው ላይ የሰካውን ነቅሎ «ማስተር፣ የእርስዎ ድምፅ አይሰማም፤ የሚሰማው ንፋስ ነው። መስኮት ካልተዘጋ አልቀርጽም» አለ። ማስተር አሻፈረኝ አሉ። ተከራከሩ። በመጨረሻ ሲቀረጽ ይዘጋል፣ ሲታረፍ ይከፈታል በሚል ተስማሙ፤ እረፍት በሆነ ቁጥር ራሳቸው ሮጠው ሲከፍቱ ዋሉ። ሲዲው ላይ እረፍት የለም። ሲዲው ላይ መስኮቶቹ ሁሉ ዝግ ናቸው።

ሲጀምር ድምፃቸው እንዲህ ይላል፤ «እህቴ፣ የምታዪውን እንዳለ አድርጊ። አያቶችሽን ቁጠሪ። ትንፋሽ ካጠረሽ ቀስ በይ። ራስሽን ካዞረሽ ቁጭ በይ፤ እስኪያልፍልሽ አትነሺ።» አዳራሽ ውስጥ ይህ ትክክል ነው። ራሷን ያዞራት ሴት ቆማ ብትቀር ወድቃ ሲሚንቶ ይፈነክታታል።

ሥራው ከጠበቅነው በላይ ሄደ። ውብሸት ማባዛት እስኪያቅተው ድረስ ሹፌሮች ለሚስቶቻቸው ይዘውት ሞላሌ ገባ፤ ከዚያም አልፏል አሉ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ከተዘጋ በር ኋላ «እስ፣ እስ» የሚል ትንፋሽና የአያት ስም እሰማለሁ። ልቤ በደስታ ይሞላ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ከዋንጫው ይልቅ ያኮራኝ ያ ነው። የእትዬ ደብሪቱም ጣት ዳነ። ሱቃቸው በር ላይ አስቁመው ጫማቸውን አውልቀው አሳዩኝ። «አየሽ ቲቸር? ልጄ ናት ያዳነችኝ» አሉኝ። ብርቄ ከኋላቸው ቆማ ትስቃለች።

ታኅሣሥ ገባ። በእኛ አገር ታኅሣሥ ውኃ በእንስራ ውስጥ ይጠጥራል። ባላገር ቤት የሚነደው ኩበት ነው፤ ኩበት ጢሱ ዓይን ስለሚያስለቅስ ሰው ሳይወድ በር ይከፍታል። የከተማ ሰው ግን ከቆላ በአህያ የሚመጣ ከሰል ገዝቶ ማንደድ ጀምሯል። ከሰሉን ደጅ ያቀጣጥሉታል፤ ጢሱ አልቆ ፍም ሲሆን ወደ ቤት ያስገቡታል። ጢሱ ካለቀ አይጎዳም፤ አገር የሚያውቀው ይህን ነው። እናቴም እንዲህ ታደርግ ነበር፤ እኔም አደርግ ነበር። አንዳንዴ ራስ ያማል፤ ብርድ መታኝ ተብሎ ይታለፋል።

ዕለቱ ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን ነበር። እትዬ ደብሪቱና ብርቄ ጠዋት ፍም የሞላ ምድጃ ጓዳ አስገብተው፣ በር ዘግተው፣ የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ደፍነው ሥራቸውን ጀመሩ። መሃል ላይ ሱቁ ተንኳኳ። ገብስ የሚሸጥ ባላገር ከነአህዮቹ ቆሟል። እናት ነጠላቸውን ጣል አድርገው ሲወጡ ብርቄ «እማዬ፣ ቶሎ ተመለሺ፤ እኔ እየሠራሁ እጠብቅሻለሁ» አለች። እትዬ ደብሪቱ ገብሰኛው ልጃቸውን በሱሪ እንዳያይ የጓዳውን በር ከውጭ ቀረቀሩት።

የገበያ ቀን መቼ በአንድ ሰው ያበቃል? አንዱን ሲሸኙ ሌላው መጣ። አንድ ጊዜ በሩን ገርበብ አድርገው አዩዋት። ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ ብላለች፤ ራሷን ጉልበቷ ላይ ደፍታለች። ቴሌቪዥኑ እንደበራ ነው። ራሷን አዙሯት ማስተር እንዳሉት እያረፈች መሰላቸው። በሩን መልሰው ዘጉት።

ገበያተኛው ሲቀንስ ሻይ ይዘውላት ገቡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ያውቀዋል። ጤና ጣቢያ ስትደርስ ትንፋሽ አልነበራትም። ሐኪሙ እኔንና ማስተርን ለብቻ ጠርቶ ነገረን። የከሰል መርዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ ፍሙ ሲቀላም አለ። እንደ ሩጫ ትንፋሽ አያስቆርጥም፤ ራስ አዙሮ፣ ጉልበት አዝሎ ያስተኛል። እየተንቀሳቀሰ የሚተነፍስ ሰው ደግሞ ከተቀመጠው ይልቅ ብዙ ይስበዋል። ማስተር አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«ራሷን ሲያዞራት ወደ ውጭ ብትወጣ ኖሮስ?»

ሐኪሙ መሬት መሬት አየ።

ከተማው ግን ከሰሉን ሊሰማ አልፈለገም። «ካራቴ ገደላት» አለ። ከሰሉማ በየቤቱ አለ፤ ከሰል ገዳይ ከሆነ ሁሉም ሊፈራ ነው፤ ሲዲ ቢጠላ ይሻላል። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፣ በዚያው ሳምንት ለቅሶ የተቀመጡት ሴቶች ራሳቸው ፍም ከበው ነበር የሚያለቅሱት። ብናገር ማን ይሰማኛል? እኔ «ሱሪዋ» ነኝ።

የብርቄ አጎት አቶ ተክሌ፣ የሟች አባቷ ወንድም፣ ነገሩን ደም አደረጉት። ሰው አዝዞ ያስገደለ ገዳይ ነው፣ «ቁጭ በይ» ያላት ደምሴ ነው፣ ስለዚህ ደማችንን እንፈልጋለን አሉ። ቀልድ አልነበረም፤ ጠመንጃቸውን ወልውለዋል ተባለ። ሽማግሌዎች ገቡበት። እንደ ወጉ ከዛፍ ሥር እንዳይቀመጡ፣ ገዳይ የተባለው ሲዲ መታየት አለበት። ስለዚህ በእትዬ ደብሪቱ ቤት፣ ሱቁ በተዘጋበት ቀን፣ ጋቢ የለበሱ አምስት ሽማግሌዎች ቴሌቪዥን ፊት አግዳሚ ላይ ተደረደሩ። አቶ ተክሌ በአንድ ወገን፣ ማስተርና እኔ በሌላ ወገን ተቀመጥን። እትዬ ደብሪቱ ራሳቸውን ተላጭተው፣ ጥቁር ለብሰው መሬት ላይ ነበሩ።

ዴኩ ተከፈተ። እኔ ብቅ አልኩ፤ ከኋላዬ ሦስቱ ልጃገረዶች።

የሽማግሌዎቹ መሪ፣ ዓይናቸው የደከመ አዛውንት፣ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አሉ። «ልጅቱ የትኛዋ ናት?»

እትዬ ደብሪቱ ተነሥተው በጣታቸው መስተዋቱን ነኩ። «ይቺ ናት አባቴ። ይቺ፣ የምትስቀው።»

አዛውንቱ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። የማስተር ድምፅ ከሣጥኑ ወጣ፤ «ራስሽን ካዞረሽ ቁጭ በይ፤ እስኪያልፍልሽ አትነሺ።» አቶ ተክሌ ብድግ አሉ።

«ሰማችሁ አይደል? ከዚህ በላይ ምን ምስክር ትፈልጋላችሁ? ልጅቱ ታዛዥ ነበረች። አትነሺ አላት፤ አልተነሣችም!»

«ተቀመጥ ተክሌ» አሉ አዛውንቱ። «ደምሴ፣ አንተስ? ይህ ቃል የአንተ ነው?»

ማስተር ቆሙ። «የእኔ ነው አባቶቼ። አዳራሽ ውስጥ መስኮት የምከፍተው እኔ ነኝ። ሁልጊዜ ራሴ ስለምከፍተው ሌላ ሰው መከፈት እንዳለበት አልነገርኩም። ከፍቼ እንጂ ተናግሬ አላውቅም። ፍረዱብኝ።»

እኔ «ለንፋሱ ተብሎ ነው የተዘጋው፣ ከሰሉ ነው እንጂ...» ብዬ ጀመርኩ። ማስተር በእጃቸው ዝም አሰኙኝ።

አዛውንቱ ወደ እትዬ ደብሪቱ ዞሩ። «ልጄ፣ እናትየው አንቺ ነሽ። ደም አለኝ ትያለሽ?»

እትዬ ደብሪቱ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አልነቀሉም። ብርቄ እየረገጠች፣ እየዞረች ነበር። «በሩን የቀረቀርኩት እኔ» አሉ። «ስንጥቁን የደፈንኩት እኔ። ቁጭ ብላ አይቻት መልሼ የዘጋሁት እኔ። ደም ካለ ከእኔ ጀምሩ። ማስተር ያዘዟትን የሠራችው ለእኔ እግር ብላ ነው፤ ይኸው እግሬ፣ ድኗል። ምን ላድርገው?»

አቶ ተክሌ ተቀመጡና ፊታቸውን በኩታቸው ሸፈኑ።

ሽማግሌዎቹ ደም የለም አሉ። ግን ማስተር ከእንግዲህ እንዳያሠለጥኑ፣ ሲዲውም ከየቤቱ ተለቅሞ እንዲጠፋ ፈረዱ። ማስተር ፍርዱን ስመው ተቀበሉ። እኔ በልቤ አልተቀበልኩም። አንድ ነገር ሲበላሽ ሁሉን አብሮ ማጥፋት እኛ አገር ብልሃት ተደርጎ ይቆጠራል። የእነዚያን ሴቶች ስኳርና ግፊት ማን ሊያስታምመው እንደሆነ ያሰበ አልነበረም።

እኔና ማስተር በየቤቱ እየዞርን ለቀምን። ሴቶቹ በበር ስንጥቅ ያቀብሉናል፤ ማንም ግቡ አላለንም። መጨረሻ እትዬ ደብሪቱ ጋ ደረስን። ሲዲውን ደረታቸው ላይ ይዘው በር ላይ ቆሙ።

«የሌላውን ሁሉ አጥፉት። ይህን አትነኩም። ልጄ አለችበት።»

ማስተር ጎንበስ ብለው እጅ ነሡና ሄዱ።

ከዚያ በኋላ እሳቸው አንድ ሥራ ብቻ ነበራቸው። ብርድ በገባ ቁጥር ማለዳ ማለዳ የተዘጋ በር ያንኳኳሉ። «ከሰሉን አውጡ። መስኮት ክፈቱ።» አንዳንዱ ያወጣል፣ አንዳንዱ ውሻ ይለቅባቸዋል። ልጆች «መስኮት ክፈቱ መጣ» እያሉ ይከተሏቸው ነበር። ጥቂት ክረምትና በጋ እንዲህ ከረሙ። የሞቱት በሳንባ ምች ነው። ያከራየቻቸው ሴት በማለዳ ስትገባ የራሳቸው መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቶ ብርድ ልብሱ በውርጭ ረጥቦ አገኘችው። «ይዝጉት ብላቸው ተዘግቶ እንቅልፍ አይወስደኝም ይሉኝ ነበር» አለችኝ። ለቀብራቸው የመጣነው ጥቂት ሰዎች ነበርን፤ አቶ ተክሌ ግን መጥተው ነበር፤ ቃሬዛውን ይዘዋል።

እኔ ማስተማሬን ቀጠልኩ። የክፍሌን ልጆች መጀመሪያ የማስተምራቸው መስኮት መክፈትና ስለ ከሰል ሆነ። የትምህርት ቢሮ ሰው ክፍሌን ሊጎበኝ መጥቶ «ይህ ከመማሪያ መጽሐፉ የትኛው ምዕራፍ ላይ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። ማስታወሻው ላይ ምን እንደጻፈብኝ አላውቅም። እትዬ ደብሪቱ ቤት ግን ደፍሬ አልሄድኩም። ገበያ ላይ ስንገናኝ ሰላም ተባብለን እንተላለፋለን፤ ዓይኔን አንሥቼ አላያቸውም።

ጡረታ ስወጣ ይህ መሸሽ አሳፈረኝ። አንድ ታኅሣሥ ጠዋት ሄድኩ። ከሩቅ ሳይ የሱቁም የጓዳውም በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ንፋሱ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ምድጃ የለም። አላፊ አግዳሚው ወደ ውስጥ ማየት ይችላል፤ አንድም ሰው ግን ቆሞ ምን ጠፋብሽ አላለም። እትዬ ደብሪቱ አርጅተዋል። ከቀሚሳቸው ሥር ሱሪ ለብሰው፣ አልጋውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመዋል። ከሣጥኑ ውስጥ የማስተር ድምፅ አያት ቁጠሪ ይላል። እሳቸው ግን ከብርቄ ነበር የሚጀምሩት፤ ከልጃቸው ወደ ራሳቸው፣ ከራሳቸው ወደ አባታቸው ይወጣሉ።

«ግቢ ቲቸር» አሉኝ ሳይዞሩ። «ደርሰሻል፤ አሁን ግራ እግር ነው።»

ሲዲው ከመታየት ብዛት ተጭሯል። ብርቄ እግሯን ወደ ጎን እንዳነሣች ምስሉ ተንቀጠቀጠና ደርቆ ቀረ። ድምፁም ቆመ። እትዬ ደብሪቱም እግራቸውን እንዳነሡ ቀሩ።

«ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይይዘዋል» አሉኝ።

ጠበቅሁ። ምስሉ አልተንቀሳቀሰም። እግራቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከግንባራቸው ላብ ወረደ።

«እትዬ፣ ያውርዱት እንጂ፤ ይደክምዎታል» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ከልጃቸው ሳይነቅሉ «እሷ ሳታወርድ?» አሉኝ።